ከጥቁሩ መስተዋት ጀርባ

የትነበርሽ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ያሰበችው ሕንፃ መንደፍ ነበር። የደረሳት ግን መካኒካል ምህንድስና ሆነ። መካነ ብርሃን ያሉት ወላጆቿ የሁለቱን ልዩነት ባያውቁም «ኢንጂነር» የሚለው ቃል በቅቷቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ በተመረቀች ጊዜ አባቷ በግ አርደው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋው ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ሲጨምር፣ አባቷ ስልክ በተደዋወሉ ቁጥር «ምነው ልጄ፣ እስካሁን?» ማለቱን ተዉት። ዝምታቸው ከጥያቄው ይልቅ ይከብዳት ነበር።

አንድ ቀን አብራት የተማረችው ሄለን ደወለችላት። «አዘዞ ውስጥ አውቶቡስ የሚሠሩ አንድ ባትላሜራ አሉ። ንድፍ የሚያወጣላቸው ሰው ይፈልጋሉ። አንቺ እጅሽ ለሥዕል ጥሩ አይደል? ለምን አትሞክሪም?»

ባትላሜራው ካሣዬ ይባላሉ፤ ሠፈሩ ሁሉ አያ ካሣዬ ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ላሜራ ሲቀጠቅጡ አንድ ጆሯቸው የከዳቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ለጭነት በተሠራ ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል ይገጠማል። ሰው ቅጥቅጥ የሚለው ዓይነት መኪና ነው። ሞተሩና ሻንሲው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው፣ አጥንቱም፣ ላሜራውም፣ ጣሪያውም፣ ወንበሩም፣ እዚሁ በመዶሻና በብየዳ ይፈጠራል።

አያ ካሣዬ የምስክር ወረቀት አሳዪኝ አላሏትም። ጠመኔ ሰጧትና ግድግዳ ላይ የተደገፈ ላሜራ እያመለከቱ «በይ እስቲ አንድ አውቶቡስ ሳይልኝ» አሏት።

እጇ ሳያመነታ ሄደ። ከፊት ዝቅ ብሎ ተነሥቶ፣ በጣሪያው ላይ አልፎ፣ ወደ ኋላ በቀስታ የሚወርድ አንድ ረጅም መስመር አሰመረች። የቀረውን በዚያ መስመር ዙሪያ ሞላችው። አያ ካሣዬ ራቅ ብለው አዩት፤ ቀረብ ብለው አዩት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ግን ሰው በየት በኩል ይገባል?»

በር ረስታ ኖሯል። ሁለቱም ሳቁ። በማግሥቱ ሥራ ጀመረች።

የአያ ካሣዬ መኪኖች አስቀያሚዎች ነበሩ። መስኮታቸው ትንንሽ፣ በመስኮትና በመስኮት መካከል ያለው ቋሚ ሰፊ፣ ጣሪያቸው እንደ ሣጥን ክዳን ጠፍጣፋ ነው። የትነበርሽ መጀመሪያ አካባቢ ስታያቸው ታፍርባቸው ነበር። ኋላ ቁጭ ብላ ስታሰላ ግን ያ ሁሉ ብረት በከንቱ አለመቆሙ ገባት። አውቶቡስ ሲገለበጥ ክብደቱ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከሙት ደግሞ በመስኮቶቹ መካከል የቆሙት ብረቶች ናቸው። እነሱ ከጸኑ ሰው በተቀመጠበት የመትረፍ ዕድል አለው። እነሱ ከታጠፉ ጣሪያው ወንበሩ ላይ ይተኛል። መስተዋት ምንም አይሸከምም።

ይህን ለአያ ካሣዬ ስትነግራቸው ደስ አላቸው። «እኔማ ሙያውን ያስተማሩኝ ጌታዬ ሲያደርጉ ያየሁትን ነው የማደርግ» አሏት። «ለምን እንደሆነ ዛሬ ነገርሽኝ።»

ነገር ግን ደንበኛ እየሸሻቸው ነበር። ከሌላ ከተማ ተሠርተው የሚመጡት አዳዲስ መኪኖች ጎናቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ መስተዋት ነው። በዚህ መካከል ይበልጣል የሚባል ነጋዴ አዲስ ሻንሲ ይዞ መጣ። ከጎንደር ተነሥተው በደባርቅ አድርገው፣ ሊማሊሞን ወርደው ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚደርሱ መኪኖች ያሉት፣ ወሬው ፈጣን፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ስልኩን አወጣና የአንድ አውቶቡስ ፎቶ አሳያቸው። ጎኑ ጥቁር መስተዋት ብቻ ነው፤ አንድም ቋሚ አይታይም።

«እንዲህ ካልሆነ አልፈልግም» አለ።

«ቋሚ ከሌለው ጣሪያውን ምን ይሸከመዋል?» አለችው የትነበርሽ።

«እሱን እናንተ እወቁት። እኔ የማውቀው መናኸሪያውን ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ሲቆም ሰው የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ቆሜ አያለሁ። የእናንተን ሲያይ እስረኛ ማመላለሻ ይለዋል፤ እውነቴን ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቋሚ ቆጥሮ የሚሳፈር ሰው አላየሁም።»

ሲሄድ አያ ካሣዬ መዶሻቸውን አስቀምጠው ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ። «ካላደረግንለት ሌላ ዘንድ ይወስደዋል» አሉ። «ያኛው ደግሞ ጣሪያውን ምን ይሸከመዋል ብሎ ጭራሽ አይጠይቀውም።»

የትነበርሽ ነገሩን ስታብሰለስል ሰነበተች። አንድ ጠዋት አዘዞ አደባባይ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ከባጃጅ ስትወርድ አየች። ፊቷ ላይ የሚታየው መነጽሩ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ዓይኗ ይኑር አይኑር አይታወቅም። የትነበርሽ እዚያው ቆመች። ከዚያ ወደ ጋራዡ በሩጫ ሄደች ማለት ይቻላል።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ቋሚዎቹ ይቆማሉ፤ እንዲያውም ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ጥቁር ቀለም ይቀባሉ። መስተዋቱ እንደ ድሮው በቋሚዎቹ መካከል በመግባት ፈንታ ከውጭ በኩል በላያቸው ላይ ይለጠፋል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ከፊት እስከ ኋላ ያልተቋረጠ ጥቁር መስተዋት እንጂ ብረት አያይም። ውበቱም ለይበልጣል ይሆናል፣ ብርታቱም ለተሳፋሪው ይቀመጣል።

መኪናዋ አልቃ ከግቢው የወጣች ቀን የአዘዞ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አያት። ባጃጆች እየቆሙ ያሳልፏት ነበር። ስሟን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ መናኸሪያ ስትደርስ ግን «መነጽሯ» ተብላ ነበር። የትነበርሽ ያን ቀን ለአባቷ ደወለችና «አንድ ነገር ሠራሁ» አለቻቸው። ያን ያህል ደስ ያላት ጊዜ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልነበረም።

መነጽሯን የሚይዘው በላቸው የሚባል ሾፌር ነበር። ረጋ ያለ፣ ሊማሊሞን ሲወርድ ሙዚቃ የሚያጠፋ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ጉዞው ሲመለስ ጋራዡ መጥቶ «ይህችን የሠራት ማነው?» አለ። አያ ካሣዬ በአገጫቸው አመለከቱት። ዘይት በነካው ቱታ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሴት ሲያይ ግራ ገብቶት «አንቺ?» አለ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ምንም ሳትሆን ምክንያት እየፈጠረ ጋራዥ ይመላለስ ጀመር፤ በዓመቱ ተጋቡ።

ከሌሎች ባለመኪናዎችም ጥያቄው ጎረፈ፤ ሁሉም መነጽር ይፈልጋል፤ ተከትለው የተሠሩትም በዚያው ስም ተጠሩ። ይበልጣልም ሁለተኛ ሊያሠራ ተመለሰ፤ አሁን ግን አቤቱታ ይዞ ነው። «ተሳፋሪው ያማርራል» አለ። «ከውጭ ሁሉም መስተዋት ነው፤ መስኮት ዳር ብሎ ይገባና ሲቀመጥ ብረት ጋር ይፋጠጣል። ደግሞ ከበደች። ሊማሊሞን ስትወጣ ታቃስታለች፤ ነዳጅ ትጨርሳለች። ጥንድ ጥንዱ ምን ያደርግልናል? አንድ አንድ ይበቃል።»

የትነበርሽ አሰላች። አንድ አንድ ቢሆንም ጣሪያው ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ አብዝታ ነበር። እሺ አለች።

ለሦስተኛዋ ቋሚዎቹ የሚሠሩበት ቱቦላሬ ብረት ቀጭን ይሁን ተባለ፤ መስኮቱ ይሰፋል፣ መኪናዋም ትቀልላለች። እንደገና አሰላች። ጠባብ ነው፣ ግን ይችላል አለች። ከዚያ ጣሪያው ከፍ ብሎ መብራት ይሰካለት፣ በላዩ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ረጅም ፖርቶ መጋላ ይጨመርለት የሚል መጣ። ፖርቶ መጋላው ላይ እህልና አልጋ ሲጫን ጣሪያው የሚሸከመው ክብደት ሌላ ነው። ተከራከረች። አያ ካሣዬም አብረዋት ተከራከሩ። ይበልጣል ሳቀና «እንግዲያው ሻንሲዬን ልውሰድ?» አለ። ሌሎቹ ደንበኞች ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደው ስለነበር ግቢው ውስጥ ሌላ ሥራ አልነበረም፤ በያጆቹ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። አያ ካሣዬ ወደ እሷ ዞሩ። ምን እንደሚሉ አላወቁም፤ እሷ እንድትልላቸው ነው የፈለጉት።

«ግዴለም፣ ይሠራ» አለች።

ይችላል አላለችም። ያን ጊዜ አላሰላችም፤ ብታሰላ የሚወጣውን ታውቀዋለች።

ከውጭ ሲታይ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። ያው ጥቁር መስተዋት ነው፣ ያው ረጅም መስመር። ብርታቱን ልትሸሽግበት ያመጣችው መስተዋት ድካሙንም እኩል ይሸሽግ ነበር። ሌሎች ጋራዦች መስተዋቱን ቀድተው ከጀርባው ምን እንዳለ ሳይጠይቁ መሥራት ጀምረዋል። ዓመታዊ ምርመራ ሲደረግ ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱና ጎማው ይታያል። መስተዋት አስነሥቶ ብረት የሚለካ የለም።

በላቸው ፖርቶ መጋላ የተጨመረባትን አዲሷን መኪና ሊረከብ ባለበት ሰሞን፣ እራት ላይ ተቀምጠው ሳለ ነገረችው።

«ይህቺኛዋ ከመጀመሪያዋ ቀጭን ናት።»

«አውቃለሁ፤ ነድቼ ሞክሬያታለሁ። ቀላል ናት፣ ሸጋ ናት።»

«ብትገለበጥ አትችልም ማለቴ ነው፣ በላቸው።»

ሳቀ። «ምነው፣ ባልሽን ልትገለብጪው አሰብሽ? እኔ ይዣት ለምን ትገለበጣለች?»

«መንገዱ ላይ አንተ ብቻ አይደለህም።»

እጁን ታጠበ። «እንደ መጀመሪያዋ አድርጊያት ብልሽስ?» አላት። «ይበልጣል ሌላ ዘንድ ያሠራታል። ያ ሌላ ሰው የሚሠራትን እኔ እነዳታለሁ። ቢያንስ ይህችን አንቺ ነሽ የሠራሻት።»

እሷ ገበታውን አነሣች። ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ።

አደጋው የደረሰው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። መንገዱ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ሰንብቶ ገና መከፈቱ ስለነበር ሰው መናኸሪያ ላይ ተከማችቶ ነበር። በላቸው ወንበሩ ከሞላ በኋላ ሌላ ሰው አልጭንም ብሎ ነበር፤ ግን ወደ አገራቸው ለመግባት ሲጠብቁ የሰነበቱ ሰዎች ስለለመኑት ጥቂቶቹን መተላለፊያው ላይ አቁሞ ጫነ። ፖርቶ መጋላውም ሞልቷል። ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን በጉም ውስጥ በደህና ወረደ። አስቸጋሪው መንገድ አለፈ ተብሎ ሰው መጨዋወት ከጀመረ በኋላ፣ ዛሪማ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከታች የሚመጣ የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ መንገዱን ሞልቶ ወጣባቸው።

በላቸው ወደ ጠርዝ ያዘ። ዝናብ ያራሰው ጠርዝ ከጎማው ሥር ተናደ።

የተረፉት ሁሉ የተናገሩት አንድ ነው፤ ፍጥነት አልነበረም። መኪናዋ ቀስ ብላ ዘነበለች፣ አንድ ጊዜ ተገለበጠች፣ ከመንገዱ ሥር ያለው የማሽላ ማሳ ላይ በጣሪያዋ ተኛች። ገደል አይደለም። ሰው ሮጦ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ሰባት ሰዎች ሞቱ። የሞቱት አብዛኞቹ መካከል ላይ የተቀመጡት ናቸው። በላቸው ትከሻውና እግሩ ተሰብሮ ተረፈ፤ የጭነት መኪናው ሳይቆም ሄዷል።

የትነበርሽ ባሏን ሆስፒታል አይታ በማግሥቱ ከአያ ካሣዬ ጋር ወደ ቦታው ወረደች። መኪናዋ እንደተገለበጠች ነበረች። ጥቁሩ መስተዋት ረግፎ ማሽላው ሥር እንደ ከሰል ያብረቀርቃል። መስተዋቱ ሲሄድ ከጀርባው የነበረው ሁሉ ተገልጦ ነበር። ቋሚዎቹ ከመስኮቱ ሥር ታጥፈው አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል፤ ጣሪያው የወንበሮቹን ራስ ተጭኖ ወርዷል። በመካከሉ አንድ የሕፃን ነጠላ ተይዞ ይታይ ነበር፤ ሕፃኑ መትረፉን ሰዎች ነገሯት።

አያ ካሣዬ ተንበርክከው ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ብየዳዬ አልለቀቀም» አሉ።

«አልለቀቀም፣ አያ ካሣዬ።»

«አንዱም አልለቀቀም።»

«አዎ። የታጠፈው ብረቱ ነው።»

ሽማግሌው እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። የትነበርሽ አላለቀሰችም። መታጠፊያዎቹን ታያለች፤ ሁሉም ብረት የታጠፈው እሷ ድሮ የቀደሙትን መኪኖች ስታሰላ በወረቀት ላይ ይታጠፋል ብላ ባሰበችበት ቦታ ነው። ስሌቷ ትክክል ነበር።

ክሱ የቀረበው በበላቸው ላይ ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ትርፍ ጭኗል፣ ከመንገድ ወጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው። የትነበርሽ የባሏን ጠበቃ «እኔን ምስክር አድርገህ ጥራኝ» አለችው። ጠበቃው አልወደደውም። «የሠራሻት አንቺ ነሽ፤ በራስሽ ላይ ነው የምትመሰክሪ» አላት። ይሁን አለችው።

በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆማ ስትጠብቅ አንድ ሰው ቀረባት። ታከለ ይባላል፤ የዛሪማ ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ብርቄ ከሟቾቹ አንዷ ነበረች።

«የሠራሻት አንቺ ነሽ አሉኝ» አላት።

«አዎ።»

ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ሰውዬው ግን የሚነግረው ሰው ብቻ የፈለገ ይመስል ነበር። «ብርቄን መኪና ያጥወለውላታል» አለ። «ጎንደር ለሕክምና ሄዳ ስትመለስ ሌላ መኪና ቀድሞ ነበር፤ አሳለፈችው። ደውላልኝ ነበር። መነጽሯን እጠብቃለሁ፣ መስኮቷ ሰፊ ነው፣ አገር እያየሁ ስሄድ አያመኝም አለችኝ።» ከዚያ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ውስጥ ገባ።

የትነበርሽ ቆማ መሰከረች። ስለ ቋሚዎቹ፣ ስለ ቱቦላሬው፣ ስለ ፖርቶ መጋላው፣ ከመጀመሪያዋ መኪና እስከ መጨረሻዋ ምን ምን እንደተቀነሰ ተናገረች። ቀንሺ ሲባል እሺ ያለችው እሷ መሆኗንም ተናገረች። ዐቃቤ ሕጉ ጨዋ ሰው ነበር። «እናመሰግናለን» አለና አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ «መኪናዋን ከመንገድ ያወጣት ቋሚው ነው?»

«አይደለም። ግን ሰዎቹን የገደላቸው —»

«ጥያቄዬን መልሰሽልኛል።»

ዳኛዋ ደግሞ ጋራዡ የጣሰው የተጻፈ መመሪያ፣ የቋሚው ውፍረት ይህን ያህል ይሁን የሚል ካለ እንድታመለክት ጠየቋት። የትነበርሽ የምታውቀው አልነበረም። ዳኛዋ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አዝነው እንደሆነ ታስባለች። ፍርድ ቤቱ ፊት የቀረበው ሾፌሩ መሆኑን ተናገሩና ወደሚቀጥለው ምስክር አለፉ። በላቸው ተፈረደበት።

ምስክርነቷ ከተማውን ዞረ፤ ግን እሷ ባሰበችው መንገድ አልዞረም። ሰው የሰማው የካሣዬ ጋራዥ መኪና ጣሪያው ይወድቃል የሚለውን ብቻ ነው። ሥራው ወደ ሌሎቹ ሄደ፤ ከካሣዬ የባሰ ቀጭን ብረት ወደሚያቆሙት። አያ ካሣዬ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሷትም። «እውነት ነው የተናገርሽ» ይሏታል። ጤናቸው ግን እየደከመ መጣና ጋራዡን ለወንድማቸው ልጅ ለአምሐ አስረከቡ። አምሐ በመጀመሪያው ሳምንት የትነበርሽን ጠርቶ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ደንበኞች እሷ ካለች እንደማይመጡ ነገራት። ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች።

ባለመኪናዎቹን ለማሳመን ጥቂት ጊዜ ሞክራለች። የባለመኪናዎች ስብሰባ ላይ እንድትናገር ለምና ተፈቀደላት፤ የተገለበጠችውን መኪና ፎቶ ይዛ ሄደች። በጸጥታ አዳመጧት። ሲያበቃ አጨበጨቡላት፤ አንድ ሽማግሌ መርቀዋታል። ይበልጣልም ነበረ። ሲወጡ አጠገቧ ቆሞ «እኔም እንቅልፍ የለኝም» አላት፤ ፊቱ እውነት ይመስል ነበር። «ግን እውነቱን ልንገርሽ? ወፍራሟን ብቻዬን ባሠራ ባዶዋን ትመለሳለች። ሁላችንም አንድ ቀን ላይ ካልጀመርን አይሆንም። ማን ይጀምራል?» ሁለቱም መልሱን ያውቁ ነበር። እንደገና ስብሰባ ስትጠይቅ ቀን አልተገኘላትም።

እሑድ እሑድ ምሳ ዕቃ ይዛ ማረሚያ ቤት ትሄዳለች። መጀመሪያ አካባቢ በላቸው ስለ ፍርድ ቤቱ አንሥቶ አያውቅም ነበር። ስለ እግሩ፣ ስለ አብረውት ስላሉት ሰዎች ያወራል። አንድ እሑድ ግን የበላበትን ዕቃ ወደ እሷ ገፋ አድርጎ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት።

«ጠይቀኝ።»

«እንደ መጀመሪያዋ ተሠርታ ቢሆን ይተርፉ ነበር?»

ልትዋሸው አሰበች። «ሁሉም ላይሆን ይችላል» አለች። «አብዛኞቹ ግን አዎ።»

«ፍርድ ቤት ስትዪ ሰምቼሻለሁ። እኔን ልታድኚኝ ያልሽው መስሎኝ ነበር።»

«አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።»

በላቸው የተሰበረውን ትከሻውን በሌላ እጁ ያዘ። «እንግዲያው እኔ ገለበጥኳቸው፣ አንቺ ገደልሻቸው» አለ። በቁጣ አልነበረም። ዝናብ ዘነበ አልዘነበም እንደሚል ሰው ነበር ያለው።

«አዎ» አለች።

ጊዜያችሁ አልቋል እስኪባል ድረስ ተፋጥጠው ተቀመጡ። ያን ዕለት ስትወጣ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም ብላ ነበር፤ መጣች። እሱም ትቀራለች ብሎ ኖሯል፤ ሲያያት አንገቱን ደፋ።

አሁን የትነበርሽ አዘዞ ውስጥ አዲስ ለሚሠሩት ቤቶች የብረት በርና መስኮት በምትነድፍበት ትንሽ ሱቅ ትሠራለች። ሥራው አይከፋም። የሰው ቤት በር ቢጎብጥ ተነቅሎ ይቃናል። ከተገለበጠችው መኪና የተረፈው ሻንሲ ተሽጦ፣ ሌላ ከተማ አዲስ አካል ተገጥሞለት፣ በዚያው መሥመር ላይ እንደተመለሰ ሰምታለች። የትኛዋ እንደሆነች መለየት አትችልም፤ በሱቁ ደጃፍ የሚያልፉት ሁሉ ጎናቸው ጥቁር ነው።

በላቸው ሊፈታ የቀረው ብዙ አይደለም። ባለፈው እሑድ ፊቱ ከወትሮው ፈካ ብሎ ጠበቃት። ይበልጣል ሊጠይቀው መጥቶ ነበር።

«ስወጣ አዲስ መኪና ይሰጠኛል» አላት። «እግሬም ፍሪሲዮን መርገጥ ይችላል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ግድግዳ እየረገጥኩ።»

«ማን ጋ ነው ያሠራት?» አለችው።

የጋራዡን ስም ነገራት። ሥራቸውን ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ አጥሩ ላይ ቆማ ያቆሙትን ብረት አይታለች። በላቸው ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላ ምን አውቃለሁ፣ የትነበርሽ?» አላት። «መንዳት ነው የማውቀው።»

ሌላ ሥራ ይስጡት ብላ የምትለምነው ሰው የለም፤ ሌላ መኪና ይሠራ የሚል ሰውም የለም። «ምሳው ቀዝቅዞብሃል፣ ብላ» አለችው። ቆርሶ በላ። ሲጨርስ ምሳ ዕቃውን ገጣጠመችና፣ ወጥታ ወደ አዘዞ የሚሄድ ባጃጅ ለመፈለግ መንገድ ዳር ቆመች።